ከገመድ እስከ ሰርቨር፦ የጎጃም መሬት እንዴት መዝገብ ላይ ወጣ?

ዛሬ ስለ ፎርም ላወራችሁ ነው። ቆይ፣ ቆይ፣ ገጹን አትዝጉት! ፎርም አሰልቺ ነገር መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር... ማን ይወደዋል? ግን ጎጃም ውስጥ «መሬትህንና ገቢህን መዝግብ» በመባሉ ብቻ ገበሬ ጠመንጃ አንሥቷል፤ መንግሥት በአውሮፕላን ቦምብ ጥሏል፤ አንድ ጠቅላይ ገዥ ከሹመቱ ተነሥቷል። በአንድ ዓምድ ውስጥ በተጻፈች አንዲት ቃል ምክንያት ደግሞ ሰው መሬቱን አጥቷል። እና ፎርም እንደሚባለው ትንሽ ነገር አይደለም።

ነገሩን ያነሣብኝ የኮምፒውተር ባለሙያ ጓደኛዬ ነው። ሥራው የኢንተርኔት ቅጾችን መሥራት ነው። አንድ ቀን ሲያስረዳኝ እንዲህ አለ፦ «ሰው ቅጹን ይሞላል፤ እኛ የሞላው ልክ መሆኑን እናጣራለን፤ ካለፈ ዳታቤዝ ውስጥ እናስቀምጠዋለን። በቃ ይኸው ነው።» ሦስት እርምጃ፦ መጠየቅ፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ። እሱ በኮምፒውተር ዘመን የተፈጠረ ጥበብ አድርጎ ነው የሚያወራው። እኔ ግን ሐሳቤ ወደ ቡሬ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ደጋ ዳሞት ሄደ። እነዚህ ሦስት እርምጃዎች እዚያ አገር ዳታቤዝ የሚባል ቃል ሳይወለድ በፊት ነበሩ። ጠቡም ሁሌ በእነሱ ላይ ነው፦ ማን ይጠይቃል? ማን ያጣራል? ተጽፎ የተቀመጠውንስ ማን ይነካዋል?

በወንጌሉ ባዶ ገጽ

በድሮ ጊዜ የመሬት ውል የት ይቀመጥ ነበር? ቤተ ክርስቲያን ውስጥ። በጎጃምም በጎንደርም የትላልቅ አድባራት ወንጌሎች በመጀመሪያና በመጨረሻ ባዶ ገጾቻቸው፣ አንዳንዴም በጠርዛቸው ላይ የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭ፣ ውርስና የክርክር ውሳኔ ተጽፎባቸው እናገኛለን። የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል በ18ኛው መቶ ዘመን የተከለችው ሞጣ ጊዮርጊስ በእንደነዚህ ያሉ መዛግብት ይታወቃል። የታሪክ ተመራማሪዎች፣ ለምሳሌ ዶናልድ ክረሚ፣ ስለ አገራችን የመሬት ታሪክ የጻፉት አብዛኛውን ከእነዚህ ገጾች ለቅመው ነው።

አጻጻፉን ልብ በሉልኝ። የሻጭ ስም አለ። የገዢ ስም አለ። ዋጋው አለ፤ በወቄት ወርቅ ወይም በአሞሌ ጨው። ከዚያ ምስክሮቹ ይዘረዘራሉ፤ ዋሱ ይጠራል። «እገሌ አለቃ ሳለ፣ እገሌ ሹም ሳለ» ተብሎ ዘመኑ ይታወቃል። በመጨረሻ ግዘት ይመጣል፦ ይህን የፋቀ፣ ያፈረሰ በአፈ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዝ ይሁን።

ለጓደኛዬ ይህን ስነግረው ሣቀ። «ይሄማ የእኛ ሥራ ነው!» አለኝ። እውነቱን ነው። ባዶ መተው የማይቻል ቦታ አለ (ሻጭና ገዢ የሌለው ሽያጭ የለም)። ማጣሪያ አለ (ምስክር)። ዋስትና አለ። ሰዓትና ቀን አለ (የሹማምንቱ ስም)። መዝገቡ እንዳይነካም መከላከያ ተደርጎለታል፤ የይለፍ ቃል ሳይሆን ግዘት። የኮምፒውተር ቁልፍ ሊሰበር ይችላል፤ ለሚያምን ሰው ግዘትን መስበር ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

አትቸኩሉ ግን። ይህ መዝገብ የሁሉም ሰው መዝገብ አልነበረም። በብዛት የተጻፈው የመኳንንቱ፣ የካህናቱና የባለጉልቱ ጉዳይ ነው። በዚያ ዘመን በምሥራቅ ጎጃም «ዜጋ» የሚባለው እንደ ዛሬው ባለ ሙሉ መብት ሰው አልነበረም፤ በባለመሬቱ ሥር የሚተዳደር ጥገኛ ነበር። መዝገቡ ላይ የሚወጣውም እንደ መብት ባለቤት ሳይሆን ሌላው ሰው እንዳለው ነገር ሆኖ ነው። እንግዲህ ከመጀመሪያውም መዝገብ እንዲህ ነበር፤ ስሙ በባለቤት ቦታ የሰፈረና ስሙ በንብረት ቦታ የሰፈረ ሰው እኩል አልነበሩም።

ርስት በአንድ መስመር አይጻፍም

ገበሬውስ? ገበሬው ርስት ነበረው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው።

አለን ሆበን የሚባል አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በ1950ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) ደጋ ዳሞት ሄዶ ኖሮ ነበር። ደጋ ዳሞት ከፍኖተ ሰላም ብዙ የማይርቅ ደጋ አገር ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ የአማራን የርስት ሥርዓት ለማወቅ ለሚፈልግ ዛሬም ዋና ምንጭ ነው። ሆበን ያሳየን ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ ርስት ማለት «ይህች ማሳ የእኔ ናት» ማለት ብቻ አይደለም። ርስት ማለት «አገሩን መጀመሪያ ካቀናው አባት እወለዳለሁ፤ ስለዚህ ከእሱ መሬት ድርሻ ይገባኛል» ማለት ነው። ይህ መወለድ ደግሞ በአባትም በእናትም ይቆጠራል። አንድ ሰው በአባቱ እናት በኩል በአንዱ አገር፣ በእናቱ አባት በኩል በሌላው አገር ድርሻ ሊጠይቅ ይችላል። ቢከራከር፣ ዘመድ ቢያገኝ፣ ዳኛ ፊት ቢቆም ድርሻው ይሰፋል፤ ዝም ካለ ይጠባል። የትውልድ ሐረጉን በቃሉ የሚያውቅ ሽማግሌ በዚያ አገር ከጠበቃ በላይ ነበር።

እስቲ አሁን ለዚህ ቅጽ አዘጋጁ። «የማሳው ባለቤት ስም፦ ______»። ማንን ትጽፋላችሁ? ዛሬ የሚያርሰውን? ነገ ድርሻ ሊጠይቅ የሚችለውን የአጎቱን ልጅ? ስደት ሄዶ ሊመለስ የሚችለውን? ቅጹ አንድ መስመር ነው ያለው። ርስት ግን ዛፍ ነው፤ ቅርንጫፉ አያልቅም። ጓደኛዬ «ይሄ የዳታ አሠራር ችግር ነው» ይላል። የጎጃም ገበሬ በዚህ ቋንቋ አይናገርም እንጂ ነገሩን ቀድሞ ገብቶታል፦ መሬቱ ተለክቶ በአንድ ስም ከተጻፈ ያልተጻፈው ሁሉ ርስቱን አጣ ማለት ነው። ያን ጊዜ ባለርስት የነበረው ሰው ነገ ጭሰኛ ይሆናል። በደቡብ አገር መሬቱ ሲለካ የሆነውን ደግሞ ሰምቶ ነበር። «በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» የሚለው ዝም ብሎ አይደለም።

በ1960 የመጣው ቅጽ

ጣሊያን ከወጣ በኋላ መንግሥት ግብር ለመሰብሰብ መሬቱን ማወቅ ፈለገ። በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. የወጡት የመሬት ግብር አዋጆች መሬቱ ለም፣ ለም ጠፍ እና ጠፍ ተብሎ ተለይቶ በጋሻ ተመን እንዲከፈልበት አዘዙ። ለዚህ መሬቱን መለካት ግድ ነው። ጎጃም ግን እምቢ አለ። መንግሥቱም ጎጃምን አልገፋውም፤ ከጣሊያን ወረራ በፊት፣ በ1927 ዓ.ም. ይከፍለው የነበረውን ግብር እንዲቀጥል ተወው። ለጎጃም ገበሬ ይህ ትንሽ ድል አልነበረም። ግብሩ ቢከፈልም ባይከፈልም መሬቱ አልተለካም፤ አልተጻፈም።

ከዚያ ዘመናት አለፉና በ1960 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አዋጅ ቁጥር 255 ወጣ፤ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ። የድሮው አሥራት ቀርቶ እያንዳንዱ ገበሬ በዓመት ከሚያገኘው ምርት ተገምቶ እንዲከፍል የሚያዝ ነው። በወረቀት ሲታይ ከድሮው ፍትሐዊ ይመስላል፤ ብዙ ያመረተ ብዙ ይከፍላል፤ ጥቂት ያመረተ ጥቂት። የሚናገረውም ስለ ገቢ እንጂ ስለ መሬት አይደለም። ገበሬው ግን ሌላ ነገር አነበበበት። ገማቹ ማሳው ድረስ ይመጣል፤ ስሜን ይጽፋል፤ ያለኝን ይጽፋል። ዛሬ ገቢ ያለው ነገ ገመድ ይዞ ይመጣል።

ደግሞስ ገማቾቹን ማን ያምናቸዋል? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት አገር ገማች ሲመጣ ምን እንደሚከተል ሁሉም ያውቃል። በወቅቱ የጎጃም ጠቅላይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቈ ሥላሴ ደግሞ በሕዝቡ ዘንድ የሚወደዱ ሰው አልነበሩም። ማጣሪያው በማይታመን ሰው እጅ ሲሆን ቅጹ ምንም ያህል ቢያምር ዋጋ የለውም።

ሞጣ፣ ቢቸና፣ ደጋ ዳሞት ተነሡ። ገማቾቹ ተባረሩ። ገበሬው ተማምሎ ጠመንጃውን አነሣ። መንግሥት ጦር ላከ፤ መንደሮችም ከአየር ተደበደቡ። ያም ሆኖ አልበረደም። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ደጃዝማች ፀሐዩን አንሥተው በምትካቸው ደጃዝማች ደረጀ መኰንንን ሾሙ፤ ከ1940ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የተከማቸውን ውዝፍ ግብርም ማሩ። አዋጁ በጎጃም ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚል ተረት ባለበት አገር ገበሬ ንጉሡን አዋጅ አስተወ። ይህን አመጽ «ዕድገት የማይገባው ገበሬ ያነሣው» ብለው የሚያልፉት አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ገበሬው ቅጹን ያልሞላው ማንበብ ስለማይችል አይደለም። ከጠየቁት በላይ አንብቦታል። ያልተጻፈው ጥያቄ ነው የገባው፦ ይህን መዝገብ ከሞላሁ በኋላ የእኔ መብት ማን እጅ ይገባል?

የአንድ ዓምድ ጉልበት

ከሰባት ዓመት በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ። ርስትም ጉልትም በአንድ አዋጅ አበቃ። መሬቱን የሚያከፋፍለው የገበሬ ማኅበር ሆነ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ታዘዘ። ከዚያ ወዲህ መሬት ለማግኘት የትውልድ ሐረግ መቁጠር አይጠቅምም፤ የማኅበሩ አባላት መዝገብ ላይ መገኘት ነው የሚጠቅመው። በሌላ አነጋገር የሽማግሌው ትዝታ ተሽሮ የሊቀ መንበሩ ደብተር ተሾመ።

የዚህ ዓይነት ደብተር ምን ያህል ጉልበት እንዳለው የታየው ግን በ1989 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የአማራ ክልል በጎጃምና በሌሎችም አካባቢዎች መሬት እንዲሸጋሸግ አደረገ። ዓላማው መሬት የሌላቸውን ወጣቶችና ሴቶችን ባለመሬት ማድረግ ነው ተባለ፤ ያገኙም ነበሩ። ነገር ግን ለክፍፍሉ ገበሬው በየመደቡ ተለየ። በንጉሡ ዘመን ሹመት የነበረው «ፊውዳል» ተባለ። በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር አመራር የነበረው «ቢሮክራሲ» ተባለ። ሌላው ገበሬ እስከ 12 ጥማድ፣ ማለትም 3 ሄክታር ገደማ መያዝ ሲፈቀድለት እነዚህ ሁለቱ ከ4 ጥማድ፣ ማለትም ከ1 ሄክታር ገደማ በላይ እንዳይኖራቸው ተደረገ።

አስቡት። አንድ ሰው ስሙ ትክክል ነው፤ የቤተሰቡ ብዛት ትክክል ነው፤ ማሳውም ያው ነው። በአንዲት ዓምድ ውስጥ «ቢሮክራሲ» የምትል ቃል ስለተጻፈች ብቻ መሬቱ ቀነሰ። ያ ሰው ምናልባት በደርግ ጊዜ ለጥቂት ዓመታት የማኅበሩ ጸሐፊ ሆኖ የሠራ ገበሬ ይሆናል። የምሥራቅ ጎጃም ገበሬዎች አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ የመጡት በዚህ ምክንያት ነው። ቅጽ ሲዘጋጅ «ይህን ዓምድ ማን ጨመረው? ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ካልተገኘ ቀጥሎ ያለው ማጣሪያ ሁሉ የተጣመመውን ነገር በጥንቃቄ መሙላት ብቻ ይሆናል።

ሁለት ፎቶ ያለበት ደብተር

ከሽግሽጉ በኋላ ገበሬው «ነገ ደግሞ ይወስዱብኝ ይሆን?» እያለ ማረስ ጀመረ። የማይተማመኑበትን መሬት ማን እርከን ይሠራለታል? ማን ዛፍ ይተክልበታል? ስለዚህ በ1990ዎቹ የይዞታ ማረጋገጫ መስጠት ተጀመረ። ቀዳሚዋ ትግራይ ነበረች። የአማራ ክልል በ1992 ዓ.ም. የመሬት አስተዳደር አዋጁን አውጥቶ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱን አቋቋመ፤ በስዊድን መንግሥት ርዳታም በ1995 ዓ.ም. አካባቢ በደቡብ ወሎ ገራዶ እና በምሥራቅ ጎጃም ጎዛምን ወረዳ አዲስና ጉሊት በሚባል ቀበሌ ሙከራው ተጀመረ። ከዚያ ወደ ምዕራብ ጎጃምም ተስፋፋ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ይመርጣል። ኮሚቴው ከባለይዞታው ጋር ማሳው ላይ ይወጣል፤ ጎረቤቶችም ይጠራሉ። በገመድ ይለካል። ቅጹ ላይ የባለይዞታው ስም፣ የማሳው ስፋት፣ «በምሥራቅ የእገሌ፣ በምዕራብ ወንዝ፣ በሰሜን መንገድ» እየተባለ አዋሳኙ ይጻፋል። ከዚያ ለሕዝብ ይፋ ሆኖ ይሰማል፤ ተቃውሞ ያለው ይናገራል። የተስማሙበት ወደ ወረዳው መዝገብ ይገባል፤ የይዞታ ደብተርም ይሰጣል።

እዚህ ጋ ቆም በሉና ገመዱን ተመልከቱት። በ1960 ዓ.ም. ጎጃም ጦር የመዘዘበት ገመድ ነው! ያው ገመድ ነው፤ የያዘው እጅ ግን ተለወጠ። በ1960 የመጣው ከከተማ የተላከ ገማች ነበር። በ1995 ማሳው ላይ የቆሙት ገበሬው ራሱ የመረጣቸው የቀበሌው ሰዎችና አዋሳኞቹ ናቸው። ስሙም የተጻፈው ግብር ለመጨመር ሳይሆን «ይህ የእሱ ነው» ለማለት ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ማሳ ለ6 ሚሊዮን ያህል አባወራና እማወራ ተመዘገበ። ወጪውም ለአንድ ማሳ ወደ 1 ዶላር ገደማ ነበር፤ የዓለም ባንክ ተመራማሪዎችን ያስገረማቸው ይህ ነው።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጥብኝ ሌላ ነገር ነው። በትግራይ የመጀመሪያው ማረጋገጫ ላይ ይጻፍ የነበረው የቤተሰቡ ኃላፊ ስም ብቻ ነው። ባልና ሚስት ባሉበት ቤት ይህ ማለት የባል ስም ነው። በአማራ ክልል ቅጽ ላይ ግን ለባልም ለሚስትም ቦታ ተዘጋጀ፤ ደብተሩ ላይም የሁለቱም ፎቶ ተለጠፈ። አንድ ተጨማሪ መስመር፣ አንድ ተጨማሪ ፎቶ። ይህ የቴክኒክ ጉዳይ ይመስላል አይደል? በፍቺ ቀን ግን ዳኛ ፊት የሚቀርበው ያ ደብተር ነው። የቡሬ ሴት መሬቱን ከባሏ ጋር ስታርመው፣ ስታጭደው፣ ስትወቃው ኖራ ስሟ ሳይጻፍ የቀረበት ዘመን ረጅም ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። እሷ የምትወርሰው ቅጹን ያዘጋጀው ሰው አስቧት እንደሆነ ነው።

ኮምፒውተሩ ሲመጣ

ደብተሩ ተሰጠ፤ ነገር ግን በየወረዳው ያለው የወረቀት መዝገብ ክምር ሆነ። የአማራ ክልል አይስላ በሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም መዝገቡን ወደ ዳታቤዝ ማስገባት ጀመረ። ኋላ ደግሞ በፊንላንድ ድጋፍ ብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር የመረጃ ሥርዓት ተሠራ። ከ2006 እስከ 2013 ዓ.ም. በብሪታንያ መንግሥት ድጋፍ የሁለተኛ ደረጃ ማረጋገጫ በአራት ክልሎች ሲሰጥ አማራ አንዱ ነበር። በዚህኛው ዙር ገመዱ ቀረ። ከላይ የተነሣ ፎቶ ታትሞ ማሳው ላይ ይወጣል፤ ባለይዞታውና አዋሳኞቹ ድንበሩን እየዞሩ ያሳያሉ፤ ፎቶው ላይ ይሰመራል፤ ቅጹ ይሞላል፤ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። ከዚያ ካርታው ታትሞ ለሕዝብ ይለጠፋል። ስሜ ተሳስቷል፣ ድንበሬ ተገፍቷል የሚል ያስተካክላል። የመጨረሻው ማረጋገጫ የሚታተመው ከዚህ በኋላ ነው።

አሁን የጓደኛዬ ዓለም ውስጥ ገባን። እዚያም ቢሆን የአገራችን ነገር ቀላል አይደለም።

ስም እንውሰድ። ኮምፒውተር «ኃይለ ማርያም» እና «ሀይለማርያም» አንድ ሰው መሆናቸውን አያውቅም። ለእሱ ኃ ሌላ ነው፣ ሀ ሌላ ነው፤ ክፍተቱም እንደ ፊደል ነው የሚቆጠረው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። አንዱ ጸሐፊ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ቢጽፍ አንድ ገበሬ ሁለት ሰው ይሆናል። ሁለት ገበሬዎች ደግሞ በስም፣ በአባትና በአያት ስም ሊገጥሙ ይችላሉ። ስለዚህ ለሰውም ለማሳም የማይደገም መለያ ቁጥር ያስፈልጋል። ፊደላችን ራሱ ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በአንዱ ፎንት የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት የሚሆነውን ያየ ያውቀዋል፤ አስማት የተጻፈበት ክታብ ነው የሚመስለው።

ቤተሰብ እንውሰድ። በፈረንጅ አገር የተሠራ ቅጽ ባልና ሚስትን በአንድ የቤተሰብ ስም ያገናኛል። የእኛ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትጥልም። ቅጹ ይህን ካላወቀ ባልና ሚስት የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ሆነው ይቀመጣሉ።

ቀን እንውሰድ። ውሉ የተፈረመው ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው እንበል። በሉቃስ ዘመን ጳጉሜን ስድስት ቀን ናት፤ ቀኑ እውነተኛ ቀን ነው። የፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ የተማረ ቅጽ ግን «13ኛ ወር የለም» ብሎ በቀይ ይጮኽባችኋል። ያን ጊዜ ጸሐፊው ምን ያደርጋል? ወረፋው ረጅም ነው፤ ሰዓቱ ሄዷል። ቅጹ የሚቀበለውን የሆነ ቀን ይሞላና ያልፋል። ማጣሪያው ስሕተትን ይከለክላል ሲባል ጭራሽ ስሕተትን አስገባ ማለት ነው።

ጓደኛዬ አንድ ሌላ ትምህርትም ሰጠኝ። ቅጹ ተጠቃሚው ፊት ላይ ቢያጣራም ሰርቨሩ እንደገና ማጣራት አለበት፤ ምክንያቱም የፊተኛውን ማጣሪያ ማለፍ የሚችል ሰው አይጠፋም። በመሬቱም ያው ነው። ኮሚቴው ማሳው ላይ ያጣራል፤ ሕዝቡ በይፋ ያጣራል፤ ወረዳው ከመመዝገቡ በፊት ያጣራል። ከሦስቱ አንዱ «እነሱ አይተውታል» ብሎ ካለፈ ሦስቱም እንዳልነበሩ ነው። ደግሞም ሥራው በሙሉ ይጠናቀቃል፣ ካልሆነ በሙሉ ይሰረዛል። አባት ለልጁ መሬት ሲያወርስ ከአባት ስም ወጥቶ በልጅ ስም ሳይገባ መብራት ቢጠፋ መሬቱ የማንም አይሆንም፤ ዳታቤዝ ይህን እንዳይፈጠር አድርጎ ነው የሚሠራው። የድሮዎቹም ያውቁ ነበር፤ ሻጭ፣ ገዢ፣ ዋስና ምስክር ባንድ ቀን ባንድ ቦታ ካልቆሙ ውሉ አይጻፍም።

ልክ የሆነና እውነት የሆነ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ኮምፒውተር የማያደርገው አንድ ነገር አለ። ቅጽ የሚያጣራው መልኩን ነው። ስፋቱ ቁጥር መሆኑን ያያል፤ ቁጥሩ እውነት መሆኑን አያይም። ስም መኖሩን ያያል፤ ትክክለኛዋ ባለቤት እሷ መሆኗን አያይም። እውነቱን የሚያውቀው አዋሳኙ ነው። በድንበሩ ላይ አብሮ ያረሰ፣ ቅልጥሙን ለድንጋዩ የሰጠ ጎረቤት። ስለዚህ የኋላኛው ዙር ከላይ የተነሣ ፎቶ ይዞም ገበሬውን ከነጎረቤቱ ማሳው ላይ ሳያቆም አላለፈም።

ሌላው ደግሞ መዝገብ ያረጃል። በምሥራቅ «የእገሌ» ተብሎ የተጻፈው አዋሳኝ ይሞታል። ልጆቹ ይካፈላሉ። ባልና ሚስት ይፋታሉ። መሬቱ ለሦስት ዓመት ይከራያል። ይህ ሁሉ መንደር ውስጥ ይታወቃል፤ ወረዳ ሄዶ የሚያስመዘግበው ግን ጥቂት ነው። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ሥራ ይፈታል። ደብተሩም ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ የሞተን ሰው ፎቶ ይዞ ይኖራል። መዝገቡ ከተሰጠበት ቀን ጋር ይስማማል፤ ከዛሬው ጋር ግን አይስማማም።

ይህ የገጠር ወሬ ብቻ የሚመስለው ካለ ወደ ቡሬ ይሂድ። ቡሬ ድሮ የገበያ ከተማ ነበረች። ዛሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክና ግዙፍ የዘይት ፋብሪካ ያለባት ከተማ ናት። ከተማ ሲሰፋ የሚሄደው በገበሬ ማሳ ላይ ነው። መሬት ለልማት ሲወሰድ ካሳ የሚታሰበው በሕጋዊ መንገድ ይዞታው ለተረጋገጠለት ሰው ነው። በዚያ ቀን ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው ትዝታ አይደለም፤ መዝገብ ነው። ስሟ ያልገባች ሚስት፣ ውርሱን ያላስመዘገበ ልጅ፣ በሁለት ፊደል ሁለት ሰው የሆነ አባወራ፣ ሁሉም በዚያ ጠረጴዛ ፊት ነው የሚቆሙት።

እኛስ የከተማዎቹ? እኛም በየቀኑ ቅጽ ላይ ነን። ለባንኩ፣ ለሲሙ፣ ለፋይዳው ስማችንን እንሞላለን። ቀይ ጽሑፍ ሲመጣብን ተናደን የሆነ ነገር አስገብተን እናልፋለን። «ተመዝግቧል» ሲለን ደስ ይለናል። የጎጃም ገበሬ ግን በ1960 ዓ.ም. ከእኛ የተሻለ ጥያቄ ጠይቆ ነበር። ይህን የሚጠይቀኝ ማን ነው? ለምን ይፈልገዋል? ሲሳሳት የት ሄጄ አስተካክላለሁ? እነዚህን ጥያቄዎች ጠመንጃ ሳያነሡም መጠየቅ ይቻላል።

እና ወዳጆቼ፣ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ገጠር መሬት ያላቸው ወላጆች ወይም አያቶች ያሏችሁ፣ በሚቀጥለው ስትደውሉ ከሰላምታው በኋላ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ደብተሩ ላይ የእማዬም ስም አለ?» ከሌለ ወረዳው ክፍት በሆነበት ቀን አብራችሁ ሂዱ።

ቸር ይግጠመን!